መሬት የነካው ሰይፍ

ድርቤ ሰይፉን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ማንም አላዘዛትም። እንዲያውም ሃምሳ አለቃ ሀብተጊዮርጊስ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ከፊቷ ቆሞ ነበር። የንግሥ በዓል ነው። የነቀምቴ ሹማምንትና ባለርስቶች ከዳሱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ለገበያ የመጣው ገበሬ ሜዳውን ከቦ ቆሟል። ሁሉም የሚያየው እነሱን ሁለቱን ነው። እሷ ግን ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፤ ሰይፉን ከእግሩ ሥር ሣሩ ላይ አሳረፈችው፤ እንደ ልማዷም አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

የተዘረጉት እጆች አየር ላይ ቀሩ።

ከተማሪዎቹ መሐል አንዱ «ውይ!» አለ። ከዳሱ ሥር አንዲት ሴት ሳቀች። ድርቤ ምን እንዳደረገች ያወቀችው ያንን ሳቅ ስትሰማ ነው። ቀና ብላ ልታየው ፈለገች፤ አንገቷ እምቢ አላት። የእሱን ጫማ ብቻ አየች። ከዚያ የእሱ እጅ ወረደና እንደ ማንኛውም ባለርስት ሰይፉን ከሣሩ ላይ አነሣው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ከበሮ ተመታ፤ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተጋጠሙ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ድርቤ ግን ምንም አልተሰማትም። ሐዘንም አልነበረም፤ እፍረትም አልነበረም። ጆሮው ውስጥ ውኃ እንደ ገባበት ሰው ሁሉን ነገር ከሩቅ ትሰማው ነበር።

ድርቤ የፋቂ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ባይሳ ከቡርቃ ጃቶ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቆዳ ያለፋሉ፤ ኮርቻና ጠፍር ይሠራሉ። ለሥራቸው የማይመጣ ባለርስት የለም፤ ከእጃቸው የሚቀበል ግን የለም። ዕቃው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ እነሱ ፈቀቅ ይላሉ፣ ባለቤቱ ከመሬት ያነሣል። ይህን ለድርቤ ቁጭ አድርጎ ያስተማራት ሰው አልነበረም፤ መራመድ ስትማር አብራ የተማረችው ነገር ነው። እሑድ እሑድ በሚሲዮኑ ጸሎት ቤት ከሌላው ሰው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ከጸሎት ቤቱ ስትወጣ ግን እጇ የሚያውቀውን ያውቃል።

ሀብተጊዮርጊስ ደግሞ የወይዘሮ አሰፋች ልጅ ነው። አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚህ ርስት የተሰጣቸው ሰው ናቸው። እሱ ኮሪያ ዘምቶ ተመልሷል። ከዘመቻው ለዕረፍት ጃፓን በወሰዷቸው ጊዜ፣ ሰዎች በቀርከሃ ሰይፍ ሲመታቱና ከግጥሚያው በኋላ እየሳቁ አብረው ሻይ ሲጠጡ አየ። ያ ነገር ከልቡ አልወጣም። ነቀምቴ ተመልሶ በመንግሥት ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ሲሆን፣ ጎረምሶቹ ሰይፍ የሚለማመዱት በወይራ ዱላ ነበር። ጣቱ የተሰበረ ብዙ ነው። አንዱማ ዓይኑን አጥቷል።

ስለዚህ አንድ ቀን የዲዴሳ ቀርከሃ ተሸክሞ ኦቦ ባይሳ ደጅ ቆመ።

«ኦቦ ባይሳ፣ የሚጮህ ግን የማይጎዳ ሰይፍ ይሥሩልኝ» አላቸው።

«የሚጮህ የማይጎዳ?» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «እሱማ ሚስቴ ነበረች። እሷም ጥላኝ ሞተች።»

ድርቤ ከተወጠረው ቆዳ ጀርባ ሆና ሳቀች። እሱ ሳቋን ሰምቶ ዞረ። የሆነው ሁሉ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሰይፉን እንዲህ ሠሩት። ቀርከሃው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቅና ፍንካቾቹ ተመልሰው ይገጠማሉ፤ ሲመታ እርስ በርሱ ይጋጭና ይጮሃል፤ ኃይሉ ግን እዚያው ውስጡ ይቀራል። ጫፉ ላይ የቆዳ ቆብ ይደረግለታል። ከቆቡ እስከ እጀታው የበሬ ጅማት ይወጠራል፤ ጅማቱ ከላላ ቆቡ ይወልቃል፣ ቆቡ ከወለቀ የቀርከሃው ስንጣሪ ዓይን ውስጥ ይገባል። ኦቦ ባይሳ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የሠሪው ክንድ ላይ ያላረፈ ሰይፍ ከቤታቸው አይወጣም። የእሳቸው ክንድ አርጅቷልና ድርቤ እጅጌዋን ሰብስባ ግራ ክንዷን ሰጠች።

ሀብተጊዮርጊስ መጀመሪያ ያየ ቀን ፊቱ ጠቆረ። «ያማል?»

«ድምፁ ነው እንጂ ምንም የለውም» አለችው።

ዓመት አለፈ። «እርስዎ» ስትለው የነበረችው ልጅ ወንዙ ዳር «አንተ» ትለው ጀመር። እሱም ተማሪዎቹን «ሰይፍ አይወረወርም፣ መሬትም አይነካም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው» እያለ አስተማራቸው። ለድርቤ ሲል ይሁን ለጃፓኖቹ ሲል እሱ ራሱ አያውቅም።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት እንዲህ አላት፦

«የንግሥ ዕለት አዲሱን ሰይፍ አንቺ ታመጪዋለሽ። በሕዝብ ፊት ከእጅሽ እቀበልሻለሁ። በማግሥቱ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«እናትህስ?»

«እናቴ እያዩ ነው እንጂ! ተደብቄ አላገባሽም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ድርቤ፣ አዝነሽልኝ እሺ አትበዪኝ። ችግሩ ከእኔ ይልቅ በአንቺ ላይ ነው የሚብሰው። አስቢበትና መልሱን በእጅሽ ስጪኝ። ሰይፉን ከእጄ ላይ ካኖርሽው እሺ ማለትሽ ነው።»

«ካላኖርኩትስ?»

«ካላኖርሽው ገባኝ ማለት ነው። ዳግመኛ አልጨቀጭቅሽም።»

እሷም ያን ዕለት ከቤቷ እስከ ሜዳው ድረስ በልቧ «እሺ፣ እሺ» እያለች ሄደች። ከዚያም ጎንበስ አለችና ሰይፉን ሣር ላይ አስቀመጠችው።

ያን ማታ ቤታቸው ኦቦ ባይሳ ቆዳ እየዳሰሱ ከጎኗ ተቀመጡ።

«አባ፣ እጄ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «የእኔም እጅ እንዲሁ ነው። የሚሲዮኑ ሐኪም ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋልኝ ምን እንዳደረግሁ ነግሬሻለሁ? ባርኔጣዬን አውልቄ መሬት ላይ አስቀመጥኩለት። እሱ ደግሞ አነሣና አራግፎ መለሰልኝ። እንደ ሁለት ጅል ተያየን።»

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ትስቅ ነበር።

«ሂጂና ንገሪው።»

«ምን ብዬ? ሰው ሁሉ አይቷል። እሱም አይቷል።» ቃሏ ደረቅ ነበር፤ እንባ የሚባል ነገር በአጠገቧም አላለፈ። «ምናልባት እጄ ትክክል ይሆናል። እጄ ከእኔ ይልቅ ያውቅ ይሆናል።»

ሴት ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ ልጅ ብታለቅስ ያባብሏታል፣ ብትቆጣ ይቆጧታል። እንዲህ ሆና ዝም ስትል ግን ምን ይደረጋል?

ቀናቱ ሄዱ። ድርቤ ውኃ ቀዳች፣ ቆዳ ፋቀች፣ የቀረበላትን በላች። በመንገድ ሲያልፍ ያየችው እንደ ሆነ ዓይኗን ሰበረች፤ እሱም ሰላምታ እንዳይጫናት ብሎ መንገዱን ቀየረ። እሷም መንገድ መቀየሩን አየች። ናቀኝ አለች። እሱ ደግሞ ከቃሌ አልወጣም፣ አላስቸግራትም ብሎ ጥርሱን ነክሶ ነበር። እንዲህ ሆነው በአንድ ከተማ ውስጥ ተራራቁ።

በሳምንቱ መጨረሻ ኩማ መጣ። ኩማ ከሀብተጊዮርጊስ ተማሪዎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ጢም አውጥቶ ነው ፊደል የቆጠረው፤ ጨዋታ አያልቅበትም። በእጁ አንድ የቀርከሃ ሰይፍ ይዟል።

«አከም ጅርቱ፣ ድርቤ? ይኸው በሽተኛ አምጥቼልሻለሁ።»

ድርቤ ሰይፉን አወቀችው። መጀመሪያ የሠሩት፣ እሱ ለማንም የማያውሰው ሰይፍ ነበር። ጅማቱ ተበጥሷል፤ ቆቡ ተንጠልጥሏል።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ጎፍታ፣ ያ ጌታችን፣ ከትምህርት ቤቱ ዋርካ ጋር ሲጋጠም ነው የሚውለው። እስካሁን ዋርካው እየመራ ነው።» ኩማ ሳቀ፤ ሳቁ ብቻውን ሲቀርበት ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ነገ ጠዋት ሊሄድ ነው፣ ድርቤ። ደምቢዶሎ አዛውሩኝ ብሎ ራሱ ጠየቀ። የጊምቢው ካሚዮን ላይ ነው የሚወጣው።»

«ነገ?»

«ነገ። እሜቴ አሰፋች ሰይፉ እንዲጠገንለት ልከውኛል። ስትጨርሺ ከበራቸው ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ እንድትሄጂ ብለዋል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሱማ ሰው መሆን ትቷል። ግራ፣ ቀኝ፣ ዕረፍ፤ ከዚህ ሌላ ከአፉ የሚወጣ የለም።» ኩማ ትንሽ አመነታ። «ከፈለግሽ ማታ መጥቼ እኔ ልውሰድልሽ።»

«አይ። እኔ አደርሰዋለሁ» አለች።

አሮጌውን ጅማት አወጣች፤ አዲስ ጅማት በውኃ አራሰች፤ ቆቡን በወስፌ ወግታ ሰፋች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሐሳቧ የትም ቢሆን እጇ ይሠራል። እንደዚያ ስትሠራ እጇን ስታየው ጠላችው። ከዚያ እንደ ሕጉ እጅጌዋን ሰብስባ ግራ ክንዷን መታች። ቀርከሃው ጮኸ። ክንዷ ግን ምንም አልነገራትም። ደግማ መታች። ሰይፉ ጮኸ፤ የመታችው የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ነበር። እጇን ከፍ አድርጋ አሁንም አሁንም መታች።

ኦቦ ባይሳ መጥተው አንጓዋን ያዙ።

«ሰይፉ ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ደህና ያልሆንሽው አንቺ ነሽ።»

በወይዘሮ አሰፋች በር ላይ ያለው ድንጋይ ሰፊና ልሙጥ ነው። የሸማኔው ጋቢ፣ የቀጥቃጩ ማረሻ፣ የኦቦ ባይሳ ኮርቻ ስንት ዘመን የተቀመጠበት ድንጋይ ነው። ድርቤ ጠዋት ስትደርስ ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ስንቅ ሲያሰናዱ እንዳደሩ ፊታቸው ይናገራል።

«አከም ቡልተኒ፣ እሜቴ» አለች ድርቤ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እዚያ ላይ አስቀምጪውና ሂጂ።»

ድርቤ ሰይፉን በሁለት እጇ እንደ ያዘች ቆመች።

«አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ምን ያስገትርሻል?»

ወይዘሮ አሰፋች ወደ ቤቱ ዞር ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያ ቀርበው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ አንቺን አልጠላሽም። በዓሉ ዕለት ያደረግሽውን ሳይ አስተዋይ ልጅ ናት ብዬ መርቄሻለሁ። እሱ ኮሪያ በነበረ ጊዜ እህል አልበላሁም ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ ነጋሪ መጣ እያልኩ ነፍሴ ትወጣ ነበር። አሁን ደግሞ ሰው በቁሙ ይቀብርብኛል ብዬ እሠጋለሁ። ማን ሰርጉ ላይ ይጠራዋል? የልጆቹን ክርስትና ማን ያነሣለታል? እኔ ስሞትስ ሬሳዬን ማን ይሸከማል? ንገሪኝ እስቲ። እናት ነኝ። አንቺ ብትሆኚ አትፈሪም?»

ድርቤ ሴትዮዋን አየቻቸው። ዳሱ ሥር የሳቀችው ሴት እሳቸው እንዳልነበሩ አሁን ገባት። እኚህ ሴት መሳቅ ከተዉ ቆይተዋል።

«እፈራለሁ፣ እሜቴ» አለች። «አሁንም እፈራለሁ።»

«እንግዲያው አስቀምጪው።»

ያን ጊዜ ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ። ድርቤ አላጠፈችውም፤ ራሱ ነው የታጠፈው። «አስቀምጪ» የሚለውን ቃል ሰምቶ፣ እንደ ለመደ በሬ፣ ወደ ድንጋዩ ዝቅ ዝቅ አለ። ድርቤ ደነገጠች። ወደ ኋላዋ ሄደችና ጀርባዋን ከአጥሩ ጋር አጣበቀች። እሾሁ በቀሚሷ አልፎ ሲወጋት አልተሰማትም። እንዲህ ቀጥ ብላ፣ ሰይፉን ደረቷ ላይ አግድማ ቀረች።

ሀብተጊዮርጊስ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ከሳ ያለ ይመስላል። ድርቤን አያት፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራና ወዲያው ጠፋ።

«እዚያው አኑሪው፣ ድርቤ» አለ። «ግድ የለም። ገብቶኛል።»

«አልገባዎትም።»

«መቼ ነው ደግሞ እርስዎ የሆንኩት?»

ከገበያው በኩል የካሚዮኑ ጥሩምባ ተሰማ። ሰው እየተጠራ ነው። ድርቤ አፏን ከፈተች፤ ለቀናት ያልተናገረችው ነገር ሁሉ በአንዴ መጥቶባት የትኛውን እንደምታስቀድም ጠፋት።

«ያን ቀን ያስቀመጠው እጄ ነው» አለች። «እኔ አይደለሁም። እኔ መንገዱን ሙሉ እሺ እያልኩ ነበር የመጣሁት። አንተ ፊት ስቆምም እሺ እያልኩ ነበር። ግን እጄ ከእኔ በፊት ነው የተወለደው። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ያሳደጉት። ሳላዘው አስቀመጠ። እጅህን ስትዘረጋልኝ አይቻለሁ፣ ሀብቴ። አይቼ ነው ያስቀመጥኩት። እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም።»

ሀብተጊዮርጊስ አልተንቀሳቀሰም።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ቃል ገብቼ ነበራ! አልጨቀጭቅሽም ብዬ…» ሻንጣውን አየ። «ቃሌን እየጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። የጠበቅሁት ኩራቴን ነው።»

የድርቤ ዓይን ወደ ድንጋዩ ሄደ።

«ሀብቴ» አለች፤ ከመጮህ ያልተናነሰ ሹክሹክታ ነበር። «አሁንም ጉልበቴ ሊታጠፍብኝ ነው። ድንጋዩን እያየሁት ነው። ቶሎ ተቀበለኝ።»

ሻንጣው ከእጁ ወደቀ።

«ሀብተጊዮርጊስ!» አሉ እናቱ። «ከዚህች ልጅ እጅ ከተቀበልክ…»

ሊጨርሱት ያሰቡት ቃል ምን እንደ ነበረ አልታወቀም። እሱ ደርሷል። ሰይፉን ብቻ ለይቶ አልያዘም፤ የእሷን ሁለት እጆች ከነሰይፉ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ከመንገዱ ወዲያ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ቆመው ያያሉ። አንዷ እንስራዋን አወረደች። ሀብተጊዮርጊስ አየ፤ አልለቀቀም።

ወይዘሮ አሰፋች ልጃቸውን አዩ፤ ልጅቷን አዩ፤ መንገዱ ላይ የቆሙትን ሴቶች አዩ። መቀመጫ ሲሹ እጃቸው ያገኘው ያን ድንጋይ ነበርና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አልረገሙም፣ አልመረቁም። እንደ ተቀመጠ ዕቃ እዚያው ሆኑ። ድርቤ አየቻቸውና አዘነችላቸው፤ ለዚህች እናት የምትሰጠው መልስ ዛሬም እንደሌላት አወቀች።

ካሚዮኑ ደግሞ ጠራ።

«ካሚዮኑ…» አለች።

«ይጥራ።»

ያን ጊዜ ግራ ክንዷ ላይ የሆነ ነገር ተሰማት። መጀመሪያ እንደ ጉንዳን ነበር። ከዚያ ከጣቷ ጫፍ እስከ ትከሻዋ በብዙ መርፌ እንደሚወጉት ሆነ። ትናንት ራሷን የመታችበት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ነቃ። ጀርባዋ ላይ እሾሁ ነደደ። ፊቷ ተጨማደደ።

ሀብተጊዮርጊስ እጅጌዋ ሥር የጠቆረውን ክንድ አየ። እንደ መጀመሪያው ቀን ፊቱ ጠቆረ።

«ያማል?» አላት።

ድርቤ ዓመት ሙሉ የለመደችውን መልስ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። አልወጣላትም።

«ያማል» አለች። «ውይ፣ ሀብቴ፣ በጣም ያማል።» ከበዓሉ ቀን ጀምሮ የት እንደ ነበረ ያላወቀችው እንባዋ መጣ፤ በሁለቱ እጆችና በሰይፉ ላይ ተንጠባጠበ፤ እሷም እጇን አላነሣችም፣ አልጠረገችውም፤ ሕመሙ ክንዷን፣ ጀርባዋን፣ ደረቷን እስኪሞላው ድረስ ዝም ብላ ተቀበለችው።